ኮርና ላይ ማሊያ መጎተት፦ ሪጎሬ ነው ወይስ ምክር?

የታቦር ልጅ፦
ወገን፣ የእሁዱን ነገር እንነጋገርበት። ሜዳ ላልነበራችሁ፣ የሰፈር ዋንጫ ነው፣ 1 ለ 1 ነን፣ ሊያልቅ 2 ደቂቃ ሲቀረው እነሱ ኮርና አገኙ። ዳኛው ኳሱ ሳይመታ ሁለቴ አስቆመና የኛን 4 ቁጥርና የነሱን 9 ቁጥር ጠርቶ መከረ። በሦስተኛው ኳሷ ተሻማች፣ ፊሽካው ተነፋ፣ ሪጎሬ! ገባ፣ ተሸነፍን። አሁን ኮርና ላይ የማይያያዝ ተጫዋች ማነው? በዚህ ሂሳብ በየጨዋታው 10 ሪጎሬ ሊሰጥ ነው።

አሞራ ገደል፦
አቦ ሁለቴ ተመክሮ ያልሰማ ምን ይደረግለት? ሦስተኛውንም በምክር ቢያልፈው ዳኛው ሽማግሌ ሆነ ማለት ነው።

ተከላካዩ፦
አንተ 16 ከ50 ውስጥ፣ ማለትም ጎሉ ፊት ያለው የቅጣት ክልል ውስጥ፣ ቆመህ አታውቅም መሰለኝ። አጥቂው በክርኑ ደረትህን ይገፋል፣ ሌላው መጥቶ እንደ ግድግዳ ይገተርብሃል፣ በረኛው መውጫ ያጣል። ይሄ ሁሉ አይታይም። የኛ እጅ ብቻ ነው የሚታየው።

ፊሽካዬን የሰቀልኩ፦
ልጆች፣ እኔ እሁድ ሜዳ ነበርኩ፣ ድሮም በዚችው ከተማ አጫውቻለሁ፣ እስቲ ከዳኛው ጎን ሆናችሁ እዩት። ዳኛው 16 ከ50 አካባቢ ሰያፍ ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ኮርናው ባንዲራ ጋ ሆኖ የጎሉን መስመር ያያል። መሀል ላይ 15 ሰው ይተራመሳል፣ ሁሉንም ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ ትመርጣለህ። ኳሷን የሚያየውን ተከላካይ ትተወዋለህ። ለኳሷ ጀርባውን ሰጥቶ ሰው ላይ የተለጠፈውን ግን ዓይንህን አትነቅልበትም። እጁን ታያለህ። መዳፉ ክፍት ነው ወይስ ጨርቅ ጨብጧል? ኳሷ ስትመታ እኔ አላይም ነበር፣ በጆሮዬ ነው የምሰማት። ‘ጧ’ ስትል ጨርቁ አሁንም በጡጫው ውስጥ ከሆነ አለቀ።

ደሞ ብዙዎቻችሁ የምትስቱት ነገር አለ። ኳሷ ሳትመታ ቢተናነቁ ሪጎሬ የለም። ኳሷ ገና ጨዋታ ላይ አይደለችማ። መምከር፣ ካስፈለገ ካርድ ማውጣት፣ ከዚያ ኮርናው ይመታል። ተመትታ ከተንቀሳቀሰች በኋላ ግን መያዝ ቀጥታ ቅጣት ምት ነው። ተከላካይ እዚያው 16 ከ50 ውስጥ ከሠራው ሪጎሬ ነው። አጥቂ ከሠራው ደግሞ ኳሱ የተከላካይ ነው። ስለዚህ እሁድ ሁለቴ መምከሩም ትክክል፣ በሦስተኛው መንፋቱም ትክክል።

ሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ ያ ሁሉ ጡሩንባ እየተነፋ ጆሮ ምን ይሰማል? 😂

ፊሽካዬን የሰቀልኩ፦
እውነትሽን ነው የኔ ልጅ። ያኔ የመቺውን እግር በዓይንህ ጫፍ ትይዛለህ።

አሞራ ገደል፦
የሚገርመው ስክሪን ያላቸውም ይሄን አልፈቱትም። የ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ትዝ ይላችኋል? ቪኤአር፣ ማለትም በቪዲዮ የሚታገዘው ዳኝነት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ላይ የገባበት። እንግሊዝ ከቱኒዚያ ስትጫወት አጥቂዋን ሃሪ ኬንን ሁለቴ አንቀው ጣሉት፣ ዝም ተባለ። ከፓናማ ጋር ኮርና ላይ ሲጥሉት ሪጎሬ፣ ከኮሎምቢያ ጋርም እንደዚያው። በዚያው ውድድር፣ ያው አጥቂ!

የታቦር ልጅ፦
አየህ! እኔም እኮ የምለው ይሄንን ነው። ሕጉን አልጠላሁም። በመጀመሪያው አጋማሽ የኛ ልጅ በኮርና ላይ ማሊያው እስከ አንገቱ ተጎትቶ ሲወድቅ ዳኛው ምን አለ? ‘ተነስ’። ጋሼ፣ ያቺን ምን ትላታለህ?

ፊሽካዬን የሰቀልኩ፦
ያቺ ላይ አልከራከርህም። አልፏታል። 10ኛው ደቂቃ ላይ ያለፍካትን 88ኛው ላይ ስትነፋት ሰው ይጮህብሃል፣ ልክ ብትሆንም። እኔም ደርሶብኛል፣ በባጃጅ ነው ያስመለጡኝ።

ተከላካዩ፦
ከጎሉ ጀርባ ሁለት ዳኛ ቢጨመርስ? በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነበሩ እኮ።

ሐይቅ ዳር፦
የሰፈራችን ዋንጫ ለሦስቱ ዳኞች ውሃ መግዛት አቅቶት ነው 5 የሚያመጣው?

ቁጥር 4፦
ሰዎች፣ ስታሙኝ ሰማሁ። ይዤዋለሁ፣ አልዋሽም። ሲመክረን ሁለቴም እጄን ወደኋላ አደረግኩ። ኳሷ ስትመታ እሱ ሲፈተለክ ግን እጄ ሳላውቀው ማሊያው ላይ ቀረ። ግን መጀመሪያ የያዘኝ እሱ ነው! በቀኝ በኩል ቁምጣዬን ጨብጦ ነበር፣ ጎኔ ላይ የጥፍሩ ምልክት እስካሁን አለ። ዳኛው በግራዬ ነበር የቆመው።

ፊሽካዬን የሰቀልኩ፦
እንግዲህ ከግራ ሆኖ የቀኙን አያይም። ረዳቱ ነበር መንገር የነበረበት፣ እሱ ግን መስመሩ ላይ ነው ያፈጠጠው።

የታቦር ልጅ፦
4 ቁጥር፣ ቁምጣህን ጨብጦህ ከነበረ ለምን አልጮህክም?

ቁጥር 4፦
እኔም ይዤው ነበራ 😅