«ህመሙ ከለቀቀኝማ እችላለሁ»፦ የታካሚን የእችላለሁ እምነት እንዴት ልለካ?

ጠያቂ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማክመው ለረጅም ጊዜ የወገብ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ነው። ሁሉም ከሦስት ወር በላይ ታመዋል፤ ዓመታት የቆጠሩም አሉ። የህመሙን ልክ ከ0 እስከ 10 እጠይቃለሁ፤ ቁጥሩ ግን ብዙም አይነግረኝም። ሁለት ሰዎች 7 ይሉኛል። አንዷ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሌላው ውሎው አልጋ ላይ ነው። ልዩነታቸው «እችላለሁ» ብሎ ማመኑ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ሰው ህመሙ እያለም ምን ያህል እችላለሁ ብሎ እንደሚያምን የሚለካውን የማይክል ኒኮላስ መጠይቅ፣ 10ሩን ጥያቄዎች፣ ራሴ ወደ አማርኛ መልሼ መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙ ሰው ግን «ህመሙ ከለቀቀኝማ ምን ያቅተኛል!» እያለ ትልቁን ቁጥር ይሰጠኛል። አልጋ ላይ የሚውለው ሰውዬ ከ60 54 አመጣ! የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የሥነ ልቦና ባለሙያ

እህቴ፣ ሰውዬው የመለሰልሽ ሌላ ጥያቄ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ይህን የእችላለሁ እምነት ሐሳብ ሲያቀርብ የተናገረው ስለ ጠቅላላ በራስ መተማመን አይደለም። አንድን የተወሰነ ነገር፣ በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ፣ ማድረግ እችላለሁ ብሎ ስለማመን ነው። እዚህ ላይ ሁኔታው ህመሙ ነው። «ህመሙ እያለም» የሚለው ሐረግ ከወደቀ የምትለኪው ምኞትን ይሆናል።

በአማርኛ ምን ብለሽ ነው ያስቀመጥሽው? «ህመሙ ቢኖርም» ካልሽ «ምናልባት ቢኖር» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። «ህመሙ አሁን እንዳለ ሆኖ» ብለሽ ሞክሪው። ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ አድርጊው፣ በአሥሩም ጥያቄ ላይ ድገሚው። ቢሰለችም ይደገም። ደግሞ የምትጠይቂው «ያደርጋሉ ወይ?» ብለሽ አይደለም፤ «ማድረግ እንደሚችሉ ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት?» ብለሽ ነው።

ከመገጣጠሚያ ህመም ጋር የምትኖር እናት

ልጄ፣ እኔ ከሙያው የለሁበትም። ግን እንዲህ ያለ መጠይቅ ተጠይቄ አውቃለሁ። ያለ መድኃኒት ህመሙን እቋቋማለሁ ወይ የሚል አለው። ደነገጥኩ። መድኃኒቴን ሊያስቆሙኝ መስሎኝ 0 አልኩ። የእኔ መድኃኒት ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ በሽታውን ራሱን የሚይዝ ነው። ይህን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ሌላም ልንገርሽ። የምታክመኝ ልጅ ፊቴ ቆማ ስትጠይቀኝ 1 ማለት ይከብደኛል። ደክማልኛለቻ! ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እውነቱን እናገራለሁ። ደግሞም ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለሁም። ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም።

መጠይቆች ላይ የሚሠራ ተመራማሪ

እናታችን ያሉት ትልቅ ነገር ነው። ማንበብ የሚችል ብቻውን ይሙላ፤ ለማይችል ደግሞ የማያክመው ሰው ያንብብለት። ሁልጊዜም በተቀራራቢ ሰዓት ይሁን። የመድኃኒቱን ጥያቄ ግን እንዳታወጪው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 6 ስለሚሰጠው አንዱ ሲጎድል ድምሩ ከ60 መሆኑ ይቀራል። «መድኃኒትዎን ያቁሙ ማለት አይደለም» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ያሉትን ምክንያት ጎን ላይ ጻፊ።

ትርጉሙን ብቻሽን አትሥሪው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙት። ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከዚያ ለጥቂት ታካሚዎች አንብቢና «ይህ ጥያቄ ምን የሚል መሰለዎት?» በያቸው። የአንቺ ስህተት እዚያ ጋ ይያዝ ነበር። ከመጠይቁ ባለቤት ፈቃድም ጠይቂ።

ብዙ ጊዜ ከ20 በታች ዝቅተኛ፣ ከ40 በላይ ጥሩ ተብሎ ይወሰዳል። እኔ ግን ድምሩን ብቻ አላምንም። ሁለት ሰዎች 30 አምጥተው ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄ በጥያቄ እዪው።

ሌላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ሰው በሚበዛበት ቀን 10 ጥያቄ አይሆንም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭሩ ዓይነት አለ፤ ስለ ሥራና ስለ መደበኛ ኑሮ ነው፣ ከ12 ይታሰባል። እኔ በየቀጠሮው እሱን፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሙሉውን እጠቀማለሁ። ለመገጣጠሚያ በሽታ ደግሞ ኬት ሎሪግና ባልደረቦቿ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት መጠይቅ ለብቻው አለ።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ እናቴ እርስዎ። እውነትም «ቢኖርም» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሰውዬውን ባልደረባዬ «ህመሙ አሁን እንዳለ ሆኖ» እያለ እንደገና ጠየቀልኝ። ብዙ ዝም አለ አሉ። ከ54 ወደ 17 ወረደ። የቤት ሥራ ላይ 1 ሰጠ፤ ከወዳጆቹ ጋር መጫወት ላይ ግን 4። ስለዚህ የመጀመሪያው የእግር ጉዞ ልምምዳችን ወደ ጓደኛው ቤት ነው። እስከ ሐሙስ የሚተረጉምልኝ ሁለተኛ ሰው እየፈለግኩ ነው፤ ፈቃደኛ ካለ ይጻፍልኝ።