ከምርት ማርኬቲንግ ወደ ከፍተኛ አመራር፦ ዳይሬክተርነቱን ልቀበል ወይስ ወደ ጎን ልሂድ?

ጠያቂ፦ መንገድ ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። ለንግድ ድርጅቶች ሶፍትዌር በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ የምርት ማርኬቲንግ ከፍተኛ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ አንድ ምርት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ለማን እንደሚሸጥ፣ በምን ዋጋና በምን መልእክት እንደሚቀርብ ማዘጋጀት፣ የሽያጭ ሠራተኞችንም በዚሁ ላይ ማሠልጠን ነው። የረጅም ጊዜ ዓላማዬ የአንድ ቴክኖሎጂ ኩባንያን ማርኬቲንግ በበላይነት መምራት ሲሆን፣ ይህንንም ከአለቆቼ ሸሽጌ አላውቅም።

በቅርቡ ሁለት አማራጮች ቀርበውልኛል። አንደኛው የኮሙኒኬሽንና የኩነቶች ዳይሬክተርነት ነው፤ ማዕረጉ ከፍ ያለ፣ ደመወዙ የሚያረካ፣ በሥሩም ሦስት ሠራተኞች ያሉት መደብ ነው። ሁለተኛው፣ ማዕረጌ ባለበት ሆኖ፣ ጭማሪውም እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ፣ ለአንድ ምርት አዳዲስ ደንበኞችን የማምጣቱን ሥራ ከነበጀቱና ከነገቢ ግቡ መረከብ ነው። የማማክራቸው ሁሉ ዳይሬክተርነት እንዴት ይገፋል ይሉኛል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከዚህ ቀደም በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴቶች ኩባንያውን ሲለቁ እንጂ ወደ ላይ ሲያድጉ አለማየቴ ነው። መንገዱን የሄዳችሁበት ወይም በቅርብ የምታውቁት ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ሩብ ዓመት

እህቴ፣ እኔ ብሆን ሁለተኛውን እይዛለሁ። በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የማርኬቲንግ ሥራ በአመራሩ ዓይን ገንዘብ የሚያመጣና ገንዘብ የሚያወጣ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አከፋፈሉ ፍትሐዊ ነው አልልም፣ ነገር ግን በጀት ሲቀነስ መቀሱ ከየትኛው ወገን እንደሚጀምር ማንም ያውቃል። ሴቶች በብዛት የሚመደቡት ገንዘብ ያወጣል ወደሚባለው ወገን ነው። የሚገፉንም በክፋት ሳይሆን በምስጋና ነው፤ «ከሰው ጋር ትግባባለች፣ ዝርዝር ነገር አይጠፋትም፣ ዝግጅቱን እሷ ትያዘው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ የሚሆነውን ላሳይሽ። የማርኬቲንግ ኃላፊዋ «በዚህ ሩብ ዓመት 4,000 ሰዎች በድረ ገጻችን ቅጽ ሞልተዋል» ብላ ስትጀምር የፋይናንስ ኃላፊው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አያነሳም። እንዲህ ስትል ግን ቀና ይላል፦ «300,000 ዶላር አውጥተን 60 ደንበኞች አምጥተናል፤ አንዱን ደንበኛ ለማምጣት 5,000 ዶላር ወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ደንበኛ ወጪው ተቀንሶ በወር 250 ዶላር ስለሚቀረን፣ ያወጣነው የሚመለሰው በ20 ወር ነው። ችግሩ ትናንሾቹ ድርጅቶች በአማካይ በ18ኛው ወር ጥለውን ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዳቸው 500 ዶላር እየከሰርን ነው። ስለዚህ ለእነሱ የምናወጣውን ማስታወቂያ አቁመን ገንዘቡን ወደ መካከለኞቹ ማዞር አለብን።» ይህን የተናገረች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ በዋጋ ላይ ሲመከር ትጠራለች፣ የሽያጭ ዕቅድ ሲወጣም ትጠራለች። ከፍተኛ አመራር የሚባለው ሥራ በአብዛኛው እነዚህ ስብሰባዎች ናቸው፤ ማዕረጉ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ነው።

ሶፍትዌር በየወሩ በሚከፈል ክፍያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ይህ ይበልጥ ጠንክሯል። የፎቶሾፕ ሠሪው አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈጠራ ሶፍትዌሮቹን አዳዲስ ዕትሞች በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጡን እንደሚያቆምና ክሪኤቲቭ ክላውድ በተባለው በየጊዜው በሚከፈልበት ምዝገባ ብቻ እንደሚያቀርብ ሲያስታውቅ፣ ማርኬቲንጉን የሚመሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ከኢንቴል የመጡት አን ሉንስ ነበሩ። እንዲህ ባለው አሠራር ደንበኛው አንዴ ከፍሎ የሚሄድ ስላልሆነ፣ ማርኬቲንጉ እሱን ከማምጣት አልፎ እንዳይወጣ በማድረጉም ይጠየቃል። ይህን ቁጥር በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ወደ ላይኛው ወንበር ሲታጭ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

መልስ፦ የብራንድ ወገን

ከላይ የተሰጠው ምክር በአብዛኛው ትክክል ቢሆንም፣ ኮሙኒኬሽንን እንዲህ አሳንሶ ማየቱን አልቀበልም። የደንበኞች መረጃ ሾልኮ በወጣበት ማለዳ ዋና ሥራ አስፈጻሚው የሚደውለው ለማስታወቂያ በጀት ኃላፊው አይደለም። በብራንድ ሥራ ወደ ላይ የወጡ ሴቶችም አሉ። ቦዞማ ሴንት ጆን ከፔፕሲ የሙዚቃና የመዝናኛ ማርኬቲንግ ተነሥተው ወደ ሙዚቃ ማሰራጫው ቢትስ ሙዚክ ገቡ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ቢትስን ሲገዛ አብረው ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የኡበር ዋና የብራንድ ኃላፊ፣ በ2020 ደግሞ የኔትፍሊክስ ዋና የማርኬቲንግ ኃላፊ ሆኑ። ይህ መንገድ ግን ምርታቸውን ለሕዝብ በሚሸጡ ኩባንያዎች የሚሠራውን ያህል የእርስዎ ዓይነት ለድርጅቶች በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ እንደማይሠራ እኔም አምናለሁ።

ጠያቂዋ ሳያስተውሉት የቀረ የመሰለኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሦስቱ ሠራተኞች ናቸው። አማካሪው ኩባንያ ማኪንዚና ለሴቶች የሥራ ዕድገት የሚሠራው ሊን ኢን በየዓመቱ በጋራ የሚያወጡት የሥራ ቦታ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳሳየው፣ ከመነሻ መደብ ወደ መጀመሪያው የኃላፊነት ደረጃ በሚያድጉ 100 ወንዶች አንጻር ያደጉት ሴቶች 81 ብቻ ነበሩ። ጥናቱ የሰሜን አሜሪካ ኩባንያዎችን የሚመለከት ነው፤ ሆኖም የሚያሳየው ነገር ቀላል አይደለም። ሴቶች ወደ ኋላ መቅረት የሚጀምሩት ከላይኛው ወንበር አጠገብ ሳይሆን ሰው ማስተዳደር በሚጀመርበት በዚያ በታችኛው ደረጃ ነው፤ እዚያ የተፈጠረው ክፍተት በየደረጃው እየተደመረ ይሄዳል። እርስዎ የገቢ ግቡን ሲመርጡ ሰው የማስተዳደር ዕድሉን አሳልፈው ከሰጡ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ጎበዝ ባለሙያ ናት፤ ግን ቡድን መርታ አታውቅም» መባልዎ አይቀርም። ስለዚህ ሁለተኛውን መደብ ሲቀበሉ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ በቀጥታ ለእርስዎ ተጠሪ እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ።

መልስ፦ የቀድሞ ፕሮግራመር

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም መላሾች የዘነጉት ምርቱን ነው፤ ጠያቂዋ ዛሬ ያሉበት የምርት ማርኬቲንግ ራሱ እንደ መነሻ ጥሩ ቦታ ነው። ፊጂ ሲሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ፌስቡክ ሲገቡ የምርት ማርኬቲንግ ሠራተኛ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ምርት ልማቱ ተሻግረው እ.ኤ.አ. በ2019 የፌስቡክን መተግበሪያ መምራት ጀመሩ፤ በ2021 ደግሞ የሸቀጣ ሸቀጥ አድራሹ ኩባንያ ኢንስታካርት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ሳራ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2008 ለድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሸጠው ሴልስፎርስ ከገቡ በኋላ የሠሩት ከሶፍትዌር አበልጻጊዎች ጋር ነበር፤ ትሬይልሄድ የተባለውን ነጻ የመማሪያ መድረክም መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኩባንያው ዋና የማርኬቲንግ ኃላፊ የሆኑት ከዚያ ተነሥተው ነው። ተጠቃሚውን በስም የሚያውቅና መሐንዲሶቹ የሚያከብሩት የማርኬቲንግ ሰው ብዙ የለም፤ እኔ ኮድ እጽፍ በነበረበት ጊዜ ወደ ማርኬቲንግ ክፍል የምንሄደው ስንጠራ ብቻ ነበር። የትኛውንም መደብ ቢመርጡ ከምርት ቡድኑ ስብሰባ አይቅሩ፤ የሽያጭ ጥሪዎችንም በየሳምንቱ ያዳምጡ።

ጠያቂ፦ መንገድ ፈላጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሠራተኞቹ የተባለው ፈጽሞ ያላሰብኩት ነበር። ወደ ሁለተኛው አዘንብያለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ያስጨንቁኛል። የተሰጠኝ የገቢ ግብ ሊደረስበት የማይችል ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ መቅረቱ ነው። ደግሞም ማዕረግ ሳልጨምር የተቀበልኩት ኃላፊነት እዚያው ላይ ተረስቶ ይቀር ይሆን? ሩብ ዓመት የተባሉት እህት ይህን እንዴት እንደሚያዩት ብሰማ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ሩብ ዓመት

ሥጋትሽ ተገቢ ነው። ግቡን ከመቀበልሽ በፊት ያለፉትን ስምንት ሩብ ዓመታት መረጃ ጠይቂ፦ ስንት ሰው ፍላጎት አሳየ፣ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱን የሽያጭ ክፍሉ ተቀብሎ አነጋገረ፣ ስንቱ ገዛ፣ ከመጀመሪያ ንግግር እስከ ግዢ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ የሚለውን። ግዢው በአማካይ ስድስት ወር የሚፈጅ ከሆነ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት በምታወጪው ገንዘብ በዚያው ሩብ ዓመት ልትመዘኚ አይገባም፤ ይህን መጀመሪያ ላይ ያልተናገረ ሰው በኋላ ሲናገር ሰበብ ይመስልበታል። ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ደግሞ «ለሽያጭ ብቁ የሆነ ደንበኛ» ማለት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። በማርኬቲንግና በሽያጭ መካከል ከማያቸው ጠቦች አብዛኞቹ የሚነሡት እዚያ ላይ ነው፤ እናንተ የላካችሁት የማይረባ ነው፣ እናንተም አልደወላችሁለትም እየተባባሉ ዓመቱ ያልቃል።

ማዕረጉን በተመለከተ ቀኑን ዛሬ ቁረጪ። «ከአራት ሩብ ዓመታት በኋላ ይህን ያህል ከመጣ መደቡ ወደ ዳይሬክተርነት ያድጋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በኢሜይል ይኑርሽ፤ የቃል ተስፋ አለቃሽ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የአለቃሽ አለቃም ይህን ስምምነት እንዲያውቅ አድርጊ፣ ምክንያቱም የዕድገት ውሳኔ የሚሰጠው አንቺ በሌለሽበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ እዚያ ስምሽን የሚያነሳ ሰው ያስፈልግሻል።

ከዚህ አልፈሽ ወደ ዋና ኃላፊነት ስትደርሺ የሚጠቅምሽን ደግሞ አሁን ልንገርሽ። የማርኬቲንግ ዋና ኃላፊዎች በወንበራቸው ላይ የሚቆዩት በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ከፍተኛ ኃላፊዎች የሚያንስ ጊዜ ነው፤ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ወይም ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሲለወጥ ቀድሞ የሚነካው መደብ ይህ ነው። በመሆኑም ደመወዙን ከመደራደርሽ በፊት ለማን ተጠሪ እንደምትሆኚ፣ ዋጋ የሚወስነው ማን እንደሆነና ያለጥፋትሽ ብትሰናበቺ የስንት ወር ክፍያ እንደሚሰጥሽ ጠይቂ። የአክሲዮን ድርሻ ከተሰጠሽም፣ ኩባንያው ቢሸጥና አንቺ ብትሰናበቺ በየጊዜው ከሚሰጥሽ ውስጥ ገና ያልደረሰልሽ ድርሻ ምን እንደሚሆን ውሉ ላይ ይጻፍ። ወንዶቹ ይህን ሳያፍሩ ይጠይቃሉ፤ ከእኛ መካከል ግን ብዙዎች ውሉን ከፈረሙ በኋላ ነው የሚያነቡት።