አቦሸማኔዋ ሳሩ ውስጥ ጠፋችብኝ፣ እርዱኝ
ሰላም ሰዓሊዎች፣ እባካችሁ አንድ መላ በሉኝ። አፋር ያለውን የሃላይደጌን ሜዳ በበጋ በዘይት ቀለም እየሳልኩ ነው፣ መሃሉ ላይ አንዲት አቦሸማኔ ቆማለች። ችግሩ ሳሩም ደርቆ ወርቃማ፣ የእሷም ጸጉር ወርቃማ፣ እና ራቅ ብዬ ሳየው ነጠብጣቦቿ ብቻቸውን አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። መመሳሰሉ ለአደን ይጠቅማታል፣ ሥዕል ላይ ግን ትንሽ መለየት አለባት። ዙሪያዋን በጥቁር መስመር መክበብ በፍጹም አልፈልግም፣ ሕይወት ያሳጣታል። ከዓይኗ ወደ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር ፊቷን አውጥቶልኛል፣ ያስቸገረኝ ገላዋ ነው። ከሆዷ ስር ያለውን ጥላ ወደ ሰማያዊ ልውሰደው ወይስ የኋላውን ሳር በግራጫ ላደብዝዘው? ደግሞ የታችኛው ቀለም ገና አልደረቀም፣ እስኪደርቅ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልንካው?