ልጄ የበረራ ተማሪ ናት፤ የ«ስቶል» ልምምድ ከጥቅሙ ጉዳቱ አይበልጥም?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ልጄ ከሦስት ወር በፊት ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ላይ የበረራ ሥልጠና ጀምራለች። ባለፈው እሑድ ስትደውል፣ አስተማሪዋ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ አፍንጫውን ወደ ላይ እንድትስብ እንዳደረጋት፣ የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ጮኾ አውሮፕላኑ ቁልቁል እስኪወርድ ድረስ «ስቶል» እንዳለማመዳት እየሳቀች ነገረችን። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ እኔም ሳይንሱን አውቃለሁ ብልም ልቤ አላረፈም። አደጋን ሆን ብሎ መጥራት ከጥቅሙ ጉዳቱ አይበልጥም ወይ? ደግሞም «አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ አሳርፋለሁ» እያለች ስለምትፎክር፣ የአገራችን ከፍታ በእንዲህ ያለች ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚያመጣው ችግር ካለ ብታስረዱኝ።

የቦርከና ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ መምህር። በትናንሽ አውሮፕላኖች ለዓመታት ካስተማርሁ በኋላ አሁን ኮምቦልቻ ተመልሻለሁ። በቅድሚያ፣ ስቶል ማለት እንደ መኪና ሞተር መጥፋት አይደለም፤ ብዙ ወላጆች በዚህ ተሳስተው ሲደነግጡ አይቻለሁ። ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከላይኛው ገጹ ይላቀቅና ክንፉ የመሸከም አቅሙን ያጣል እንጂ ሞተሩ እየሠራ ነው። መፍትሔውም አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ኃይል መጨመር ነው። ልምምዱ የሚደረገው ከፍ ተብሎ፣ ከመሬት 1,500 ጫማ በላይ እንዳሉ አውሮፕላኑ ተስተካክሎ እንዲያልቅ ታስቦ ስለሆነ፣ የሚጠፋው ጥቂት መቶ ጫማ የሚያሰጋ አይደለም።

የሚያሰጋው ሳይታሰብ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ስቶል ነው። ተማሪዋ ለማረፍ ወደ መንደርደሪያው የመጨረሻውን መዞሪያ ስትዞር መስመሩን ታልፈዋለች እንበል። አብዝታ ማጋደልን ትፈራለች፤ ስለዚህ በእግሯ ሩደሩን፣ ማለትም አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ መሪ፣ ወደ ውስጥ ትረግጣለች፣ በእጇ ደግሞ አፍንጫውን ትስባለች። ቀጥ ብሎ ሲበር በ50 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ 45 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር 60 ኖት ገደማ ላይ ያደርጋል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ 71 ይደርሳል። በዚያ ላይ ሩደሩ ስለተዛባ አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ይወድቅና አውሮፕላኑ ይሽከረከራል፤ 500 ጫማ ላይ ከሽክርክሪት መውጫ ጊዜ የለም። ልጅዎ እሑድ የሰማችው ጡሩምባ ያን ዕለት እጇን ሳታስብ ወደ ፊት እንዲገፋ የሚያደርግ ነውና፣ ልምምዱን ቢያስቀሩባት ነበር እኔ የምሰጋው።

የኮምቦልቻ ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ማረፊያው ከባሕር ወለል 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ከ2,600 ሜትር በላይ ያለ ያህል ይሆንበታል፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም የኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል። የተጫነ አይሱዙ ሐረጎን ሲወጣ የሚያሰማውን ማቃሰት ያስታውሱ። ከዚህ የሚብሰው ግን ዓይንን የሚያታልለው ነው፦ በሳሳ አየር የፍጥነት ጠቋሚው አሳንሶ ስለሚያነብ፣ 65 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 75 ገደማ ስለሆነ መሬቱ ከለመዱት በላይ ሲሮጥ ይታያል፤ ተማሪውም «ፈጥኛለሁ» ብሎ አፍንጫውን ይስባል፣ ሳያውቀው ወደዚያው ስቶል ይሄዳል። ማመን ያለባት ጠቋሚውን ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ጠቋሚውን ማመን ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠቋሚውም ይዋሻል። የአውሮፕላን መካኒክ ነበርሁ። አንድ ማለዳ ብቻውን የሚበር ተማሪ መንደርደር ጀምሮ የፍጥነት መርፌው አልነቃነቅ ስላለው ኃይሉን ቀንሶ ቆመ። ከክንፉ ሥር የሚወጣውን፣ ለፍጥነት ጠቋሚው አየር የሚያስገባውን ቀጭን ቱቦ ስናየው፣ ተርብ በጭቃ ቤት ሠርታበት አገኘን፤ ማታ መሸፈኛውን ያላደረገው ሰው ጥፋት ነበር። ነዳጁንም ከበረራ በፊት በጥርት ያለ ብልቃጥ ቀድታ ትይ፤ ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ እንደ እንክብል ይታያል። ተማሪዎች በጥዋት ብርድ ይህን እየዘለሉ ሲሮጡ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

ጀማሪዋ፦
ከመምህራኖቼ በኋላ መናገሬ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ፈቃድ ካገኘሁ ገና ዓመቴ ነው። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ይሉኝታ ነው። ለማረፍ ስንቃረብ አስተማሪዬ እጁን ወደ መሪው ሰደድ ሲያደርግ «ያዘልኝ» ብዬ ለቀቅሁ፤ እርሱ ግን መቀመጫውን እያስተካከለ ነበር። ለጥቂት ሰከንዶች አውሮፕላኑን የያዘው ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ ይዘኸዋል?» ብዬ መጠየቁ ድፍረት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱ «ያዝሁ» ሲል ሌላው «ያዝህ» ብሎ ሳይመልስ ማናችንም እጃችንን አናነሣም። ወሎ ላደገች ልጅ፣ ታላቅን መሃል ገብቶ መጠየቅ ከስቶል ይልቅ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል፤ ይህን አስቀድመው ቢነግሯት መልካም ነው።

የጦሳ ሥር፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ማታ ስትደውል «በመጨረሻው መዞሪያ ላይ ስንት ኖት ትይዣለሽ?» አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ «አባባ፣ ይህን ማን ነገረህ?» አለችኝና 70 መሆኑን፣ መንደርደሪያው ከፊቷ ሲቀና ደግሞ 65 እንደምታደርገው አስረዳችኝ። የተርቧን ነገር ግን ሰምታ አታውቅም፤ ነገ ጥዋት ቱቦውን በእጅ ባትሪ እንደምታየው ቃል ገብታልኛለች። እናቷ አሁንም ለግሸን ማርያም ጥላ ተስላለች።