ክርክር፦ ክብደት ለመቀነስ የተመዘገበ ሰው ስፖርቱን ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምር?

አወያይ፦ ክብደት መቀነሻ ፕሮግራም የገባ አዋቂ ምግቡን ሲያስተካክል እንቅስቃሴውንም አብሮ ይጀምር? ወይስ አመጋገቡን እስኪለምድ ይቆየው? ከነምክንያታችሁ ጻፉ።

ተመዝጋቢ፦ ይቆየው ባይ ነኝ። ሚዛን የሚያወርደው ምግብ ነው። አንድ ሰዓት ሮጠህ ያቃጠልከውን በአምስት ደቂቃ መልሰህ ትበላዋለህ። ደግሞ ሁለት ከባድ ነገር አንዴ ሲጫንበት ሰው ሁለቱንም ጥሎ ይወጣል።

አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሚዛኑ እውነት ብለሃል። ግን የወረደው ምንድን ነው? ምግብ ብቻ ቀንሶ የሚከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻም ያጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት ይህን ጉዳት ይቀንሳል። ከሁለት ወር በኋላ ጀምር ብትለው ጡንቻው አይጠብቀውም።

ተመዝጋቢ፦ ጉልበቱን የሚያመውስ? እሱንም ዝለል ልትለው ነው?

ነርስ፦ ዝለል ያለው የለም። በእግሩ ይጀምር። እየተራመደ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ መካከለኛ የሚባለው እንቅስቃሴ ላይ ነው። ለጅማሬ ይበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ የቀረው ቀን ነው። ሰውየው ጠዋት ጂም ገብቶ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይሠራል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። ለአንድ ፎቅ ሊፍት ቆሞ ይጠብቃል። ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ሪሞት እንኳ አቀብሉኝ ይላል። "ዛሬ ሠርቻለሁ" ብሎ ሌላውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይተዋል። ከዚያ ሚዛኑ ለምን አልወረደም ብሎ ይናደዳል።

የቢሮ ሠራተኛ፦ እኔ ጊዜ የማገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አይቆጠርልኝም ማለት ነው?

ነርስ፦ ይቆጠርልሃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። በሥራ ቀን የምትወጣው ደረጃም ይደመራል። ድሮ ቢያንስ አስር ደቂቃ ያልቀጠለ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ ያ ቀርቷል።

ተመዝጋቢ፦ 150 ደቂቃ ሠርቼ ስንት ኪሎ ልቀንስ?

ነርስ፦ በእሱ ብቻ ብዙ አትቀንስም፤ ልዋሽህ አልፈልግም። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አቋም፣ ከ150 ደቂቃ በታች ለክብደት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ደህና ለውጥ የሚታየው ከ250 በላይ ሲሆን ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ኪሎው ከወረደ በኋላ ነው እላለሁ። የከሳ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል፣ ረሃቡ ግን ይጨምራል። ያኔ ኪሎው እንዳይመለስ የሚይዝልህ እንቅስቃሴው ነው። ያን ጊዜ ከዜሮ የሚጀምር ሰው በጣም ይቸገራል። ለዚህ ነው ትንሽም ቢሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ይልመደው የምለው።

ተመዝጋቢ፦ እንዲያ ከሆነ ፕሮግራሙ ለምን በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ብቻ ያቆመናል? እንቅስቃሴዬን የጠየቀኝ የለም። ሲጠይቁም ወረቀት ሙላ ነው፤ ሰው ደግሞ ከሠራው በላይ ይሞላል።

አሰልጣኝ፦ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። እርምጃ መቁጠሪያ ይሰጥ። ክትትሉም ፕሮግራሙ ባለቀበት ቀን አይቁም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥል።