ካላቴያ ደብረ ማርቆስ ላይ ይኖራል ወይስ ልፋት ነው?

የማርቆሷ፦
ሰላም የአትክልት ወዳጆች፣ ባህር ዳር እያለሁ የገዛኋት ካላቴያ (ለቅጠሏ ውበት ቤት ውስጥ የምትቀመጥ አትክልት) አለችኝ እዛ እንደ ጉድ ነበር የምታድገው፣ ማርቆስ ከገባን ወዲህ ግን ክረምቱን ደህና ከርማ ከጥቅምት ጀምሮ ቅጠሏ ዳር ዳሩን እየተቃጠለ ቡናማ ሆነ። መስኮት ዳር ነች፣ የቧንቧ ውሃ ነው የምሰጣት፣ ጠዋት ጠዋት ስፕሬይ አደርጋታለሁ። ማታ ደሞ ቅጠሏ ሁሉ ወደላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በሽታ ነው እንዴ? ጎረቤቴ ውሃ ጨምሪላት ትለኛለች፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው።

ጣና ዳር፦
እህቴ እንዳትጨምሪ!! አፈሩ እርጥብ ከሆነ ሥሯ ነው የሚበሰብሰው። ማታ መቆሙ ተፈጥሮዋ ነው፣ ቅጠሉ ስር ያለችው አንጓ ውሃ እየሞላች እየጎደለች ታንቀሳቅሰዋለች፣ ጠዋት ይዘረጋል። እኔ ብርዱን ነው የምጠረጥረው፣ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው ማርቆስ 2,400 ያልፋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት አንቺው ታውቂዋለሽ። የካላቴያ ዘር የደቡብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ስር የለመደ ነው፣ ከ15 ዲግሪ በታች አይመቸውም። ማታ ማታ ከመስታወቱ አርቂያት፣ ቀጥታ ፀሐይም አያግኛት።

የቡሬ ልጅ፦
ብርዱስ ልክ ነው፣ ዳር ዳሩን ማቃጠል ግን ብዙ ጊዜ የደረቅ አየርና የውሃ ጣጣ ነው። በጋ ላይ አየራችን ከንፈር እየሰነጠቀ እሷ እንዴት ትችለው? ስፕሬዩ ወዲያው ይተናል ስለዚህ ብዙም አትመኪበት። ጠጠርና ውሃ ያለበት ትሪ ላይ አስቀምጡ ይላሉ እሱም የሚረዳው ትንሽ ነው፣ እኔ የምለው ከሌሎች አትክልቶች ጋር አጠጋጊያት፣ ሻወር ቤትሽ ብርሃን ካለው እዛ አስገቢያት፣ በጣም ሲብስ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ማታ አልብሻት ቀን ግለጪላት። ከሰል ምድጃም አታስጠጊባት። ውሃውን በተመለከተ ክሎሪኑ አሳድረሽው ሊቀንስ ይችላል፣ ጨውና ፍሎራይድ ግን አይወጣም፣ ብታፈዪውማ ጭራሽ ይወፍራል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የወረደ ውሃ በጀሪካን ያስቀመጠ ጎረቤት ካለሽ ለምኚ (የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ የተቀዳውን ነው ታዲያ)።

የማርቆሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገልብጬ ሳየው ከቅጠሉ ስር ቀጭን ድር አለ!

የቡሬ ልጅ፦
በይ ስፓይደር ማይት (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ በጣም ትንሽ ተባይ) ገብቶብሻል፣ ደረቅ አየር ይወዳል። ከሌሎቹ ለይያት፣ አጠጋጊ ያልኩሽም ይቆይ። ቅጠሉን በተለይ የታችኛውን ገጽ ለብ ባለ ውሃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጨርቅ ጥረጊው ከዛ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው፣ በየሳምንቱ ድገሚው፣ አንዴ አጥበሽ ብትተዪው እንቁላሉ ተፈልፍሎ ይመለሳል።

እንጅባራ፦
ቆርጣችሁ ብትሰጡኝ ውሃ ውስጥ ሥር ታወጣለች?

ጣና ዳር፦
ቅጠል ብቻ ቆርጠህ አይሆንም ወንድሜ፣ ከነሥሩ ነው የሚከፈለው፣ እንደ ሙዝ ከስር ነው የምትበዛው፣ ሙዝና ኮባ የሩቅ ዘመዶቿም ናቸው። አሁን ታማ እያለ አትነካ፣ ድና ሙቀቱ ሲመጣ ሚያዝያ ላይ ጠይቃት።