በካሊፎርኒያ ለማኅበር ገቢ ማሰባሰቢያ የዕጣ ትኬት ስንሸጥ ሕጉ ምን ይላል?

ፌርፋክስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ያለ የኮሚዩኒቲ ማኅበር ነን፤ ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆናችንን የሚያረጋግጥ የ501(ሲ)(3) ደብዳቤ አለን። ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ማስኬጃ 1,000 የዕጣ ትኬት በ20 በ20 ዶላር ልንሸጥ አስበናል። አንደኛው ዕጣ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት ነው፣ 1,800 ዶላር ገደማ። ሁለተኛው 3,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ነው። ቁጥር በቴሌግራም አስመርጠን ክፍያውን በዜል (በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ) ልንቀበል፣ ዳላስ ላሉ ዘመዶችም በፖስታ ልንልክ ነው ያሰብነው። ብዙ ለሚሸጥ ሰው ኮሚሽን ይከፈለው የሚሉም አሉ። የቱ ላይ ነው የምንሳሳተው?

ሒሳብ ሹሙ፦
ከዋጋውና ከትኬቱ ብዛት በቀር ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል። በካሊፎርኒያ ገንዘብ እየተከፈለበት የሚወጣ ዕጣ በመሠረቱ ወንጀል ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 320.5 አንድ በር ተከፍቷል፤ በሩ ጠባብ ነው።

ብዙ ማኅበር የሚወድቀው በ90 በመቶ ደንብ ነው። ከትኬት ሽያጭ ከሚገባው ጠቅላላ ገንዘብ (ከትርፉ አላልኩም) ቢያንስ 90 በመቶው ለበጎ አድራጎት ዓላማ መዋል አለበት። 1,000 ትኬት ቢሸጥ 20,000 ዶላር ይገባል፤ 18,000ው አይነካም። ሽልማቱም፣ ኅትመቱም፣ የአዳራሽ ኪራዩም በቀረው 2,000 መሸፈን አለበት። የእናንተ ሽልማት ብቻውን 4,800 ነው። ሽያጩ ግማሽ ላይ ቢቆም ደግሞ የምትነኩት 1,000 ዶላር ብቻ ነው። «ግማሹ ለአሸናፊ፣ ግማሹ ለማኅበሩ» የሚባለው ዓይነት ዕጣም በዚሁ ምክንያት አይሆንም።

መውጫው ሽልማቱን በስጦታ ማግኘት ነው። የጉዞ ወኪል የአውሮፕላኑን ትኬት ቢለግሳችሁ ወጪ የለባችሁም። ሕጉ ወጪውን ከሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከአባላት መዋጮ፣ መክፈልንም ይፈቅዳል። ያንን ገንዘብ ግን ከትኬቱ ገቢ ጋር አትቀላቅሉት፤ ለብቻው ይመዝገብ።

ኮሚሽኑን እርሱት። ከዕጣው ሥራ ክፍያ የሚያገኝ ሰው የድርጅቱ ተቀጣሪ መሆን አለበት፤ ክፍያውም ከ90 በመቶው ሊነሣ አይችልም። ቴሌግራሙም እንዲሁ፦ ዕጣውን በኢንተርኔት ማስተዋወቅ ይቻላል፣ ትኬቱን በኢንተርኔት መሸጥ ግን በግልጽ ክልክል ነው። ትኬቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ።

የቤይ ኤሪያዋ፦
ምዝገባውን ልጨምር። የአይአርኤስ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ከስቴቱ ግብር መሥሪያ ቤት፣ ከፍራንቻይዝ ታክስ ቦርድም፣ ከግብር ነፃ መባል ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ በካሊፎርኒያ ለመሥራት ሕጋዊ ብቃት ካገኘም አንድ ዓመት ሊሞላው ይገባል። ያልተመዘገበ ዕድር ወይም የጓደኞች ማኅበር በራሱ ስም ዕጣ ማውጣት አይችልም።

ከዚያ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የበጎ አድራጎት መዝገብ ክፍል «ሲቲ-ኤንአርፒ-1» የሚባለውን ቅጽ ትሞላላችሁ። ዕጣው ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ 60 ቀን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ማረጋገጫው ሳይደርሳችሁ አንድም ትኬት አትሽጡ። ምዝገባው በየዓመቱ ነው፤ ዘመኑ የሚጀምርበትንና የሚዘጋበትን ቀን ከመዝገብ ክፍሉ አረጋግጡ። በአንዱ ዘመን ሽያጭ ጀምሮ በሚቀጥለው ዕጣ የሚያወጣ ማኅበር ይህን ሳያስተውል ይቀራል። ዘመኑ ሲዘጋ የገቢና ወጪ ሪፖርቱን በ«ሲቲ-ኤንአርፒ-2» ትልካላችሁ። ለዚሁ ክፍል በየዓመቱ የሚገባው የምዝገባ ማደሻ ቅጽ «አርአርኤፍ-1» ላይም ዕጣ አውጥታችሁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለቱ እንዳይጣረሱ።

ትኬቱ ተቀዳጅ ጉርድ ሊኖረው፣ በትኬቱና በጉርዱ ላይ ተመሳሳይ፣ በሌላ ትኬት የማይደገም ቁጥር ሊታተም ይገባል። ዕጣው የሚወጣው እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው እየተቆጣጠረ ነው። ጣጣው ያለው ለሻጮች በሚታደለው የትኬት ጥራዝ ላይ ነው፦ አንድ ሻጭ የሸጠውን ጉርድ ሳይመልስ ዕጣ ከወጣ፣ የከፈለ ሰው ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ጥራዝ ሲሰጥ ከቁጥር እስከ ቁጥር ተጽፎ ይፈረም፤ ጉርድና ያልተሸጠ ትኬት የሚመለስበት ሰዓት ቀድሞ ይነገር፤ ድምሩ ከገንዘቡ ጋር ሳይገጥም ሳጥኑ አይነካ።

ፌርፋክስ፦
አመሰግናለሁ። ትኬቱ ላይ «20 ዶላር ስጦታ» ብለን ብናትምስ? ሌሎች እንደዚያ ያደርጋሉ። አንድ አባል ደግሞ 15,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ልስጥ ብሏል። ግብሩ እንዴት ነው?

ሒሳብ ሹሙ፦
«ስጦታ» የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም። ነፃ የሚያወጣችሁ ትኬቱ ለማንም ሳይለይ የሚታደል፣ ሳይከፍል የጠየቀም ከከፈለው ጋር በእኩል ሁኔታ የሚያገኝ ከሆነ ነው። ገዢውም የከፈለውን ከግብር ሊያስቀንስ አይችልም፤ የዕጣ ትኬት ለአይአርኤስ ስጦታ አይደለም። የስጦታ ደረሰኝ አትቁረጡለት።

የ1,800 ዶላሩ ሽልማት ከትኬቱ ዋጋ 300 እጥፍ (6,000 ዶላር) በታች ስለሆነ ደብሊው-2ጂ (የዕጣ ሽልማት ለአይአርኤስ የሚታወቅበት) ቅጽ አያስፈልገውም። አሸናፊው ግን እንደ ገቢ ማሳወቅ አለበት። መኪናው ሌላ ነገር ነው። ከ5,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ትኬቱ ተቀንሶ ከ14,980ው 24 በመቶ፣ ማለትም 3,595 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ አሸናፊው ለማኅበሩ ከፍሎ ማኅበሩ ለአይአርኤስ ያስገባል፤ በፎርም 945 (ተቀንሶ የተያዘ ግብር በሚታወቅበት ቅጽ) ይመዘገባል። ማኅበሩ ራሱ ልክፈልለት ካለ ስሌቱ ወደ 31.58 በመቶ ይወጣል፤ 4,730 ዶላር ከ68 ሳንቲም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩና ገንዘቡ ሳይገባ ቁልፍ አትስጡ፤ ከሰጣችሁ በኋላ ሰውየው ስልክ ባያነሣ ዕዳው የእናንተ ነው። ይህን ደንብ ከሽያጭ በፊት ትኬቱ ጀርባ ላይ አትሙት። መኪና ደርሶት 3,600 ዶላር ክፈል ሲባል የሚቆጣ ሰው አይጠፋምና።

በዓመቱ ከዕጣና ከመሰል ጨዋታ የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ከ15,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ፣ ለአይአርኤስ ዓመታዊ ሪፖርታችሁን በፎርም 990 ወይም 990-ኢዚ የምታስገቡ ከሆነ ስኬጁል ጂ የሚባለው አባሪ ይጨመራል።

የዳላሱ፦
ወደ እኛ በፖስታ አትላኩ፤ የፌዴራል ሕግ የዕጣ ትኬት በፖስታ መላክን ይከለክላል። የቴክሳስ ሕግም የራሱ ነው፦ እዚህ እንደ እናንተ ላለ ማኅበር ጥሬ ገንዘብ ለዕጣ ሽልማት አይፈቀድም፤ ትኬቱ ላይም የድርጅቱ ስምና አድራሻ፣ ዋጋው፣ ከ10 ዶላር በላይ የሚያወጣው እያንዳንዱ ሽልማት መጻፍ አለበት። የዳላስ ዘመድ መርዳት ከፈለገ ያለ ዕጣ በቀጥታ ይለግስ፤ ያኔ የግብር ቅናሽ ሊያገኝበትም ይችላል።